የሸረፈዲን ፈረስና የስልኩ ፍርድ

ሸረፈዲን ቆቦ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነው። ሱቁ ከአስፋልቱ ወደ ገበያው በሚያስገባው መንገድ ላይ ነው፤ አንድ ባጃጅ ፊት ለፊቱ ከቆመ ጨርሶ የማይታይ ጠባብ ክፍል። ለሕፃን ሱሪ ሲሰፋ እንኳ እግሩ ላይ አራት ጣት ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፎ ይተዋል። «ልጁ ያድጋል» ይላል። ለእኔ ኮት ሲሰፋም በጎኑና በእጅጌው ያንኑ ያህል ተወ።

«ሸረፍ፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ከእንግዲህ ወዴት ላድግ ነው?» አልኩት።

«አይታወቅም አባ መንሱር። ሊወፍሩ ይችላሉ» አለኝ፣ መርፌውን ከከንፈሩ ሳያወጣ።

ቼዝ የተማረው በወጣትነቱ ነው። ወደ መቀሌ የሚሄድ የጭነት መኪና ቆቦ ላይ ተበላሽቶ፣ ሾፌሩ መለዋወጫ እስኪመጣለት ድረስ በሱቁ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ከረመ። ሾፌሩ ጨዋታውን ያውቃል፤ ሰሌዳ ግን አልነበረውም። ሸረፈዲን ከጥቁርና ከነጭ ቁርጥራጭ ሰሌዳ ሰፋለት። መኪናው ተሠርቶ ሲሄድ ጨርቁም ጨዋታውም በረንዳው ላይ ቀሩ። ጠጠሮቹን አንድ የሰፈር አናጢ ጠርቦ ሠራቸው። ከግንቦቹ አንዱ ስለጠፋ እስከ ዛሬ በቦታው የክር ማጠንጠኛ ቆሟል።

አጨዋወቱ እንደ ስፌቱ ነው። አይቸኩልም፤ ከወታደር በላይ የሆነ ጠጠር በከንቱ አሳልፎ ሲሰጥ ያየው ሰው የለም። ስለዚህ አይሸነፍም። ችግሩ፣ አያሸንፍምም።

ተፎካካሪው ፈንታው ነው። ሮቢት አካባቢ ማሽላና ጤፍ ያርሳል። ቆቦ ገበያ ሲመጣ አህያውን አስሮ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሸረፈዲን በረንዳ ነው። ሳቁ መንገድ ተሻግሮ ይሰማል። ወልድያ ላይ በየዓመቱ የቼዝ ውድድር አለ፤ ከእኛ ዘንድ የሚሄደው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም በሁለቱ ጨዋታ ይለያል። እኩል ከወጡ የአምናው ሰው ይሄዳል ተብሎ ተወስኗል። ፈንታው አንድ ጊዜ አሸንፎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እኩል ይወጣሉ፤ በየዓመቱም ፈንታው ይሄዳል። ሲመለስ «ወልድያ ደህና ናት፤ ሸረፍን ሰላም በልልኝ ብላኛለች» ይላል። ሸረፈዲን ከሰው ጋር አብሮ ይስቃል። ሚስቱ ዚነት ግን አንድ ቀን፣ «አባ መንሱር፣ ሲስቅ አይመኑት። ያን ቀን እራቱን አይበላም» ብላኛለች። ዘንድሮ ደግሞ ዓይኑ ደክሟል። ክር መርፌ ውስጥ ለማስገባት እሷን መጥራት ጀምሯል። ወልድያ መሄድ ካለበት አሁን መሄድ እንዳለበት ሁላችንም እናውቅ ነበር።

የሐምሌው ጨዋታ ዕለት ዳኛው እኔ ነበርኩ። በረንዳው ሞልቷል። እስከ እኩሌታው ድረስ ጨዋታው እንደ ወትሮው ነበር፤ ሁለቱም አጥራቸውን አጥብቀው ተቀምጠዋል። ፈንታው ማዛጋት ጀመረ። ያን ጊዜ ሸረፈዲን ፈረሱን አነሣና፣ ከፈንታው ንጉሥ ደጃፍ ላይ የቆመውን ወታደር በልቶ እዚያው አቆመው። ንጉሡ እጁን ቢዘረጋ ፈረሱን በነፃ ይወስደዋል።

በረንዳው ላይ ያለው ሁሉ ወደ ሰሌዳው ተጠጋ።

«ሸረፍ፣ እጅህ ስቶ ነው?» አለ ፈንታው።

«አልሳተም።»

«መልሰው ግዴለም። እኔም አላየሁ፣ አባ መንሱርም አላዩ።»

«እኔ አይቻለሁ» አልኩ።

«እንግዲያው ዓይኑን ብቻ ሳይሆን ልቡንም አሞታል» ብሎ ፈንታው እጁን ወደ ንጉሡ ሲልክ ስልኩ ጮኸ። የሚስቱ የአስረሳሽ ድምፅ እኛ ድረስ ተሰማ። «የጎሊና ወንዝ ጎርፍ መጥቷል! ሰው ሁሉ ወርዷል፤ አንተ እዚያ እንጨት ትገፋለህ!»

ቆቦ ላይ ፀሐይ ነበር። ዝናቡ የጣለው ከላይ፣ ደጋው ላይ ነው። በራያ ቆላ የምናርሰው ከሰማይ በሚወርደው ብቻ አይደለም፤ ከደጋ የሚመጣውን ጎርፍ ጠልፈን ወደ ማሳችን እናስገባዋለን። ጎርፉ አይጠብቅም። በሰዓቱ በቦታው ያልተገኘ ሰው ተራው ያልፈዋል፤ ማሽላውም ሳይጠጣ ይቀራል። ለዚህ ከሠርግም ቢነሡ ነውር የለውም። ፈንታው ጫማውን እንኳ በቅጡ ሳያጠልቅ ባጃጅ ውስጥ ዘሎ ገባ። ጎረቤታችን ራዊያ፣ የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት፣ ሰሌዳውን በስልኳ ፎቶ አነሣችው።

ፈንታው የተመለሰው ማሳውን አጠጥቶ፣ የፈረሰ የውሃ ክትሩን ጠግኖ፣ ለወልድያ የሚላከው ስም ሊነገር በተቃረበበት ቀን ነው።

«ካቆምንበት እንቀጥል» አለ።

«አይሆንም» አለ ሸረፈዲን። «ሮቢት ውስጥ ቼዝ የሚያውቅ ሁሉ ሲመክርህ ነው የከረመው።»

«አንተስ? መርፌ እየሰካህ ስለዚያ ፈረስ ስታስብ አልከረምክም?»

ሁለቱም እውነት አላቸው። ብዙ ከተከራከሩ በኋላ ፈንታው ራሱ፣ «በስልክ ውስጥ የማያዳላ ሽማግሌ አለ ይላሉ። ፈረሱ በከንቱ የሞተ ከሆነ ይንገረን። ሸረፍ የሚያሸንፍ ነው ካለ ሸረፍ ይሂድ፤ አለዚያ እኔ እሄዳለሁ» አለ። ሸረፈዲንም ተስማማ። እጅ ለእጅ ተመታቱ።

ራዊያ ከፎቶው እያየች ጠጠሮቹን አንድ በአንድ ስልኳ ውስጥ ባለው የቼዝ ፕሮግራም ላይ ደረደረች። «ይህ ክር ምንድን ነው?» አለች። «ግንብ ነው ልጄ» አልናት። ጨርሳ ነካችው። ጥቂት ቆይቶ ቁጥር ወጣ፤ ሲቀነስ ሁለት።

«ምን ማለት ነው?» አልኩ።

«ጋሽ ሸረፍ ሁለት ወታደር ያህል ጎድሏቸዋል ማለት ነው። ፈረስ ሦስት ወታደር ያህል ያወጣል፤ አንድ በልቶ ተበላ።»

ፈንታው ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሣ። «ፍርድ ይሏል ይሄ ነው! ሻይ ለሁሉም ሰው!»

በእኛ አገር ሽማግሌ መርጠህ፣ እጅህን ሰጥተህ፣ ፍርዱን ከሰማህ በኋላ ደግመህ አትጠይቅም። ሸረፈዲን ተነሥቶ የፈንታውን ትከሻ ሳመ፤ «ተቀብያለሁ፤ መንገድህን አላህ ያቅናልህ» አለው። ከዚያ ወደ ልብስ ስፌት መኪናው ሄዶ ተቀመጠ፤ ጨርቅ ግን አላስገባበትም። ለስልኩ ሽማግሌ ክብር ብለን ማናችንም አልነካነውም። ጠረጴዛው ላይ እንደበራ ተቀመጠ፤ ሻያችንን መጠጣት ጀመርን።

ሻዩን የምታድለው ዚነት ናት። ቼዝ አታውቅም። ብርጭቆ ልታነሣ ጎንበስ ስትል፣ «ራዊያ፣ ያ ሰረዝ የት ሄደ?» አለች።

«የቱ ሰረዝ?»

«ከሁለቱ ፊት የነበረው። አሁን ሁለትም የለ። ዜሮ ዜሮ ነው የሚለው።»

ወንበሮች ተንኳኩ። ሁላችንም ስልኩ ላይ ተደፋን። እውነትም ዜሮ ነው።

«ሽማግሌ ቃሉን ያጥፋል እንዴ?» ብሎ ጮኸ ፈንታው። «የመጀመሪያው ነው ፍርዱ! ደግሞስ ዜሮ እኩል ነው፤ በእኩልም እኔ ነኝ ሂያጁ!»

ራዊያ ሳቀች። «ጋሽ ፈንታው፣ መች ፈረደ? ገና እያሰበ ነው። ዝም ብላችሁ ተነሣችሁ እኮ።»

እኔ ማንበብ የጀመርኩት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ያላወቅሁትን መጠየቅ አያሳፍረኝም። እስኪገባኝ ድረስ አስረጅኝ አልኳት። ነገሩ እንዲህ ነው። ማሽኑ አንዱን እርምጃ ይሞክራል፤ ለእሱ የሚሰጠውን መልስ ሁሉ ይሞክራል፤ ለመልሱም መልስ እያለ ይወርዳል። ሁሉን መንገድ እስከ ጫፉ መሄድ ግን ማንም አይችልም። ስለዚህ ቼክ የሚሉትንና ጠጠር የሚበሉትን እርምጃዎች አስቀድሞ ይመረምራል፤ ዝም ያሉትን ወደ ኋላ ይገፋል፤ ተስፋ የሌለው የመሰለውንም ቶሎ ይተዋል። የደረሰበት ቦታ ላይ ቆሞ ማን ስንት ጠጠር እንዳለው፣ የማን ንጉሥ አጥር እንደፈረሰበት ይመዝናል። ይህንም ሚዛን ከብዙ ሚሊዮን ጨዋታዎች ተምሮታል። ጊዜ ሲያገኝ ደግሞ እንደገና ከመጀመሪያው ተነሥቶ፣ ካለፈው አንድ እርምጃ አርቆ ይሄዳል።

እኔ ወንዝ ዳር ቆሞ ጎርፍ የሚጠብቅ ሰው ታየኝ። የሚያየው እስከ መታጠፊያው ድረስ ነው። ትንሽ ውሃ ሲያይ «ይህማ ምንም አይደል» ይላል። እስከሚቀጥለው መታጠፊያ ከሄደ ግን የሚመጣውን ያያል። ሸረፈዲን ፈረሱን ሲሰጥ ማሽኑ ከመጀመሪያው መታጠፊያ ያየው የጠፋውን ፈረስ ብቻ ነበር። ቀጥሎ ንግሥቲቱ ንጉሡን እየደጋገመች ቼክ ስትለው ታየውና፣ ይህ ማለቂያ ስለሌለው እኩል ነው አለ።

«ስለዚህ» አልኩ እንደ ዳኛ፣ «እኛ ሽማግሎች አንድ ጊዜ ሰምተን እንፈርዳለን? ሰምተን ቀጠሮ እንሰጣለን፤ ተመልሰን እንቀመጣለን። ይህም ሽማግሌ ቀጠሮ ላይ ነው። ይጨርስ።»

«ስንት ቀጠሮ?» አለ ፈንታው።

«ሻዩ እስኪያልቅ።»

ሰው ሻዩን እንዲህ በዝግታ ሲጠጣ አይቼ አላውቅም። የፈንታው ወገን ብርጭቆውን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠ፤ የሸረፈዲን ወገን ከንፈሩን ብቻ ያረጥባል። ዚነት ማንም ሳይጠይቃት በየብርጭቆው ትጨምራለች።

«እሜት ዚነት፣ ይህ ደግሞ ምን ዓይነት ማንቆርቆሪያ ነው የማያልቅ?» አላት ፈንታው።

«በረካ ነው ፈንታው፣ ጠጣ።»

የራዊያ ስልክ አሮጌ ነው፤ ጋለ። ቁጥሩ ዜሮ ላይ ቆሞ፣ ቆሞ፣ ድንገት ተንቀሳቀሰ። አንድ አለ። ሁለት ተኩል አለ። ከዚያ አራት ላይ ተተከለ። በሸረፈዲን በኩል ነው።

«አልሀምዱሊላህ!» አለች ዚነት፤ ቁጥሩ ምን እንደሆነ ከማንም በላይ የገባት መሰለች።

ራዊያ፣ «አንድ ዝም ያለ እርምጃ አግኝቷል፤ ቼክም አይል፣ ምንም አይበላ» አለችና፣ ማንም ሳያየው ስክሪኑን በመዳፏ ሸፈነች።

ፍርዱ ተሰጠ። ሸረፈዲን ወልድያ ሂያጅ ነው። ፈንታው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይስቅ ተናገረ። «ተቀብያለሁ። ቃሌ ቃል ነው። ግን ሸረፍ፣ አንድ ነገር ንገረኝ። ያን እርምጃ አንተ አይተኸዋል? ወይስ ያየው ስልኩ ብቻ ነው?»

ሸረፈዲን ወደ ጨርቅ ሰሌዳው ተመለከተ። ዝም ብሎ ወልድያ ቢሄድ የሚከለክለው ሰው የለም።

«ንጉሡ ጥግ እስኪገባ ድረስ አይቻለሁ» አለ። «ከዚያ ወዲያ መንገድ እንዳለ ተሰምቶኛል እንጂ አላየሁትም።»

«እንግዲያው?»

«እንግዲያው ደርድረው፤ እንጫወተው። ካላሸነፍኩ አንተ ትሄዳለህ።»

«አንተ ሰውዬ!» አለች ዚነት። «የተሰጠህን ይዘህ አትቀመጥም?»

«ተይኝ ዚነት። የስልኩን ይዤ ወልድያ ሄጄ ምን ላደርግ ነው?»

ራዊያ ስልኳን አጥፍታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ጨዋታው ቀጠለ። ንጉሡ ፈረሱን በላ። የሸረፈዲን ንግሥት ወረደች፤ ቼክ። ንጉሡ ጥግ ገባ። ንግሥቲቱ ተጠጋች። ከዚህ በኋላ ያለማቋረጥ ቼክ እያለ እኩል መውጣት ይችላል፤ እኩል ማለት ደግሞ መቅረት ነው።

«ድገማት እንጂ» አለ ፈንታው በለሆሳስ። «እኩል እንውጣ። ከወልድያ ሰላምታ አመጣልሃለሁ።»

ሸረፈዲን ጨርቅ ሊቆርጥ ሲል እንደሚያደርገው አንገቱን ሰበር አድርጎ ቆየ። ሰሌዳውን በጣቱ ለካ፤ ደግሞ ለካ። ከዚያ ግንቡን ከኋላ አንሥቶ ሁለት ቤት ብቻ ወደፊት ገፋው።

«ይሄ ምንድን ነው? ቼክ አላልክም እኮ።»

«አላልኩም።»

«ምንም አልበላህም።»

«አልበላሁም።»

ፈንታው ሊስቅ አፉን ከፈተ። የተከፈተው አፍ እንደተከፈተ ቀረ። ግንቡ በተከፈተው መስመር ወደ ጎን ሊሻገር እንደሆነ ያን ጊዜ አየው። አንድ ወታደር አነሣ፣ መለሰ፤ ንግሥቱን ነካ፣ ተወ። የቻለውን ተከላከለ። ግንቡ ተሻገረ፤ ንግሥቲቱ ተከተለች። ፈንታው ከእንግዲህ ማምለጫ እንደሌለው ሲያውቅ ንጉሡን በቀስታ ጨርቁ ላይ አስተኛው፤ ተነሥቶም ሸረፈዲንን በሁለት እጁ አቀፈው።

«ወልድያ ላይ ከአውቶቡስ ተራ ወደ ቀኝ ነው የምትሄደው» አለው። «የመጀመሪያው ተጋጣሚህ ቁመቱ ረጅም ቢሆን አትፍራው፤ ንግሥቱን ቶሎ ያወጣል። ደግሞ ቁርስ ሳትበላ አትቀመጥ።»

ዚነት እልል አለች። መንገደኛው ሠርግ መስሎት ቆመ።

ራዊያ ስልኳን አውጥታ እያበራች ነበር። «ጋሽ ሸረፍ፣ የግንቡ እርምጃ ማሽኑ ካገኘው ጋር አንድ ይሁን አይሁን ልየው?»

ሸረፈዲን እጁን ስልኩ ላይ አኖረ። ፊቱ ሙሉ ሳቅ ነው።

«አሁን አትክፈችው ልጄ» አላት። «ኢንሻአላህ ከወልድያ ስመለስ ትነግሪኛለሽ።»