የስክሪኑ ጥፋት

ጋምቤላ ክልል ከሆነች ገና ጥቂት ዓመቷ ነበር። እኔ ከደጋ ተመድቤ የመጣሁ የፕላን ክፍል ሠራተኛ ነኝ። አዲስ አበባ የሁለት ሳምንት የኮምፒውተር ሥልጠና ወስጄ ከተመለስኩ በኋላ ግን ቢሮው በሙሉ «ኢንጂነር» ይለኝ ጀመር። አይደለሁም ብዬ አላውቅም። ሰው በነፃ ማዕረግ ሲሰጥህ ምን ትላለህ?

ቢሮው አንዲት ኮምፒውተር ነበረችው፤ እሷንም የያዙት ታይፒስታችን ናቸው። የከተማው ተወላጅ፣ ሃምሳን የተሻገሩ፣ እሑድ በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን የሚመሩ ሰው ነበሩ። ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸዋለን። በሙቀቱ የተነሳ የምሳ ሰዓታችን ረጅም ስለነበር፣ መብራት ካለ በሩን ገርበብ አድርገን ጌም እንጫወት ነበር። የመርከብ ንግድ ጌም ነው፤ ዕቃ ትጭናለህ፣ ወደብ ትደርሳለህ፣ ታራግፋለህ። ጋሼ በልጅነታቸው ከሱዳን የሚመጣው መርከብ ባሮ ዳር ሲያራግፍ አይተዋል።

«አንተ የደጋ ሰው፣ መርከብ የት ታውቃለህ?» ይሉኝና ያሸንፉኛል።

አንድ ጊዜ ኮምፒውተሯ ቫይረስ ገባባትና ማንንም ሳላማክር ሁሉን ደምስሼ እንደገና ጫንኩ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለ። ከዚያ ሰሞን ጀምሮ ጋሼ «ጽሑፉ ደብዝዟል» ማለት አመጡ። መርከባቸውን ከወደቡ ግንብ ጋር ሲያላትሙ እስቅባቸው ነበር። በሚጽፉት ደብዳቤ ላይም ስሕተት በዛ። ኃላፊያችን ሁለት ጊዜ መለሰባቸው፤ በሦስተኛው ጠርቶ ወሩ እስኪያልቅ ካልተስተካከለ ሌላ ታይፒስት እንደሚቀጥር ነገራቸው። በቤታቸው ደመወዝ የሚያስገቡት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ከኃላፊው ክፍል እንደወጡ በቀጥታ ወደ እኔ መጡ።

«ስክሪኑ ነው፣ አይደለም?»

«ስክሪኑ ነው» አልኳቸው። ይህን ስል ስክሪኑን አልመረመርኩትም፤ ግን ፊታቸውን አይቼ ሌላ መልስ መስጠት አልቻልኩም።

ጌሙን ከፍቼ የስክሪን መጠን የሚመረጥበትን ገጽ አየሁ። ዱሮ ሦስት ምርጫ ነበረበት። አሁን ያለው አንድ፣ የመጨረሻው ትንሹ፣ ስድስት መቶ አርባ በአራት መቶ ሰማንያ ነው። ስምንት መቶውም ሺውም ጠፍተዋል። ምስሉ የሻከረው ለዚህ ነዋ! ሳልጠነቀቅ የደመሰስኩት እኔ ነኝና ጥፋቱም የእኔ ነው። በገዛ ጥፋቴ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ጌሙን አጥፍቼ ደግሜ ጫንኩት፤ ለውጥ የለም። ቴሌ ሄጄ ተሰልፌ አብሮኝ ለሠለጠነ የአዲስ አበባ ጓደኛዬ ደወልኩ። «ዊንዶውሱ የስክሪን ካርዱን አላወቀውም። ከኮምፒውተሩ ጋር የመጣውን ሲዲ ጫንበት፣ ምርጫዎቹ ይመለሳሉ» አለኝ።

ሲዲው ግምጃ ቤት ነበር። ግምጃ ቤቷን የያዘችው ሴት ጠንቃቃ ናት፤ በእሷ ዘመን መርፌ አልጠፋም። ወንበሩ፣ ስቴፕለሩ፣ የቆሻሻ ቅርጫቱ ሳይቀር በቀይ የዘይት ቀለም የንብረት ቁጥር ተጽፎበታል። ሲዲውን ከካርቶኑ አውጥታ ስትሰጠኝ ቁጥሩ የተጻፈው በሚያብረቀርቀው፣ ኮምፒውተሯ በምታነበው ፊቱ ላይ ነው።

«ምነው በዚህ በኩል?»

«በዚያኛው በኩል ጽሑፍ አለበታ። ባዶው ይሄ ነው።»

ምን ትላታለህ? እኔም ሥልጠና ባልሄድ ኖሮ እንደሷ አደርግ ነበር። ልፋቀው ስላት «የንብረት ቁጥር መፋቅ ያስጠይቃል፣ ደብዳቤ አምጣ» አለችኝ። ደብዳቤውን ጋሼ ጻፉት። የንብረቱን ቁጥር ሁለት ቦታ ተሳስተው ስለነበር መለሰችው። እኔ አርሜ ወሰድኩላት። ይህ ሁሉ ሲሆን ወሩ እየሄደ ነው።

ሁለት ቀን ሙሉ ጥጥ በነጭ ጋዝ እየነከርኩ ፋቅሁ፤ እሷ አጠገቤ ቆማ ትጠብቃለች። ጋሼም ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ይሄ ከለቀቀ ሥራዬ አለ» አሉኝ። ሌላ ጊዜ ቀልደኛ ናቸው፤ ያን ቀን አልቀለዱም።

ቀለሙ ለቀቀ፤ ጭረቱ ቀረ። ሲዲው ሁለት ጊዜ እምቢ ብሎ በሦስተኛው ተነበበ። ኮምፒውተሯን አጥፍቼ አበራሁ፣ ጌሙን ከፈትኩ፣ ገጹን አወጣሁ። ሦስቱም ተመልሰዋል። ተነስቼ ወንበሩን ለቀቅሁላቸው።

«ጋሼ፣ ይምረጡ።»

ማውሱን ያዙ። አፍንጫቸው ስክሪኑን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ተጠጉ። ቀጥሎ ፊታቸውን ወደ ጎን አዙረው በዓይናቸው ጥግ ተመለከቱ።

«ስንት ነው ያለው?»

«ሦስት።»

ዓይናቸውን ጠርገው ደግመው አዩ። የጣሪያው ማራገቢያ ይጮኻል።

«እኔ አንድ ጥቁር ነገር ነው የማየው» አሉ።

ማውሱን ተቀብዬ ትልቁን መረጥኩላቸው። ፊደሉ ሁሉ አነሰ። ቁጥሩ ሲያድግ ፊደሉ እንደሚያንስ በሥልጠናው የመጀመሪያ ቀናት ተምሬዋለሁ፤ ለፈተናም መጥቷል። ሲዲው ቀለም ባይነካው፣ ምርጫዎቹ ከነጭራሹ ባይጠፉ እንኳ ለእሳቸው የሚጠቅም አንድም አልነበረም። ዓይናቸው ነው ማለትን ፈርቼ ነው ያላሰብኩት።

ሆስፒታል የሄዱት በማግሥቱ ነው። ሐኪሞቹ የሄደው የዓይን ብርሃን እንደማይመለስ፣ መደብዘዝ ሲጀምር ቢመጡ ግን ምናልባት የተረፈውን ማቆየት ይቻል እንደነበር ነገሯቸው። ያን ጊዜ እኛ ጥጥ እየነከርን ነበር። አንድም ቀን አልወቀሱኝም። ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር።

የመልቀቂያ ደብዳቤያቸውን በዚያችው ኮምፒውተር እኔ ጻፍኩላቸው።

«ስሕተት የለበትም?» አሉኝ።

«የለበትም፣ ጋሼ።»

እስክሪብቶውን ተቀብለው ወረቀቱን በግራ እጃቸው ዳሰሱ።

«የቱ ጋ ነው?»

ጣታቸውን ይዤ የሚፈርሙበት ቦታ ላይ አስቀመጥኩት።