የገረጡት ጎልድፊሾች ምግብ

ዲላ ውስጥ ብዙ ሰው ዓሣ የሚያውቀው ተጠብሶ ነው። እኔም ጋሽ ሸምሱ ሱቅ ሥራ የጀመርኩ ቀን ከዚያ የተሻለ እውቀት አልነበረኝም። ጋሽ ሸምሱ የቤት ዕቃ ነጋዴ ነው። የሱቁ ጥግ ላይ የመስታወት ገንዳዎች ደርድሮ ጎልድፊሽ የሚባሉ የጌጥ ዓሦች መሸጥ ጀምሮ ነበር። ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ሰጠኝና የገንዳውን ዝቃጭ ስቤ እንዳወጣ አዘዘኝ። በአፌ ስስበው ውሃው ጉሮሮዬ ገባ። ዛሬ ዓሣ ሆነሻል፣ ነገ ሠራተኛ ትሆኛለሽ ብሎ ሳቀብኝ።

ዓሦቹ ከአዲስ አበባ ሲመጡ የበሰለ ብርቱካን ይመስሉ ነበር። እኛ ዘንድ ጥቂት ወራት ሲቆዩ ገረጡ። የምንሰጣቸው የዳቦ ፍርፋሪ ነው፤ ደንበኞችም ቤታቸው ቆጮ ይፈረፍሩላቸዋል። ሆድ ይሞላል እንጂ ቀለም የለውም። ገዢ ሲጠፋ ጋሽ ሸምሱ ገንዳዎቹን አውጥቶ ቦታውን ለፕላስቲክ ወንበር ሊያደርገው ተነሣ። ገንዳዎቹ ከወጡ እኔም መውጣቴ ነው። ረመዳን እስኪገባ እንዲታገሠኝ ለመንኩት።

በዚያው ሰሞን አቶ ጅግሶ ከወናጎ ደወሉ። የቡና ነጋዴ ናቸው፤ ትልቁን ገንዳችንን ገዝተው እንግዳ ማረፊያቸው ውስጥ ያስቀመጡት እሳቸው ናቸው። ዓሦቻቸው አፋቸውን ውሃው ላይ አውጥተው እየተነፈሱ ነው አሉኝ። ሚኒባስ ይዤ ደረስኩ። ውሃው ሻይ መስሏል።

"ምን ሰጧቸው?" አልኳቸው።

"የእሸት ቡና ገለፈት ነዋ! ቀይ የበላች ቀይ ትሆናለች።"

ቡና ለዓሣ እንደማይሆን ነግሬያቸው ዓሦቹን ወዲያው ወደ ንጹሕ ውሃ አዛወርኩ። አንዷ ሞተች፣ ሌሎቹ ተረፉ። አቶ ጅግሶ አዝነው ነበር፤ የቀሩት ካልቀሉ ገንዳውን ለሸምሱ እንደሚመልሱ ቁርጡን ነገሩኝ። ትልቁ ገንዳ ከተመለሰ ጋሽ ሸምሱ ረመዳንን እንደማይጠብቅ አውቄያለሁ።

በመልሱ ሚኒባስ ላይ የሰውየውን ነገር ሳስበው ግማሹ እውነት ሆኖ አገኘሁት። ቀለም ከምግብ ይመጣል፤ የሳቱት ምግቡን ነው። ከካሮት ጀመርኩ። ጥሬውን ስፈቀፍቅላቸው ተፉት። ቀቅዬ ስሰጣቸው ሟሙቶ ውሃውን አደፈረሰው። የሚያያይዘው ነገር ያስፈልገኝ ነበር፤ እሱም የጌዴኦ ሰው ጓዳ ውስጥ አይጠፋም። ቡላ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጬ እሳት ላይ እስኪወፍር አማሰልኩ። የተቀቀለ ካሮትና ዱባ፣ የእንቁላል አስኳል፣ የደቀቀ ቆስጣ፣ ከዓሣ ጠባሾች የለመንኩትን የተረፈ ሥጋ ጨመርኩበት። ትሪ ላይ ስስ አድርጌ ዘርግቼ ሲረጋ ምስር ምስር አሳክዬ ከተፍኩት። ዓሦቹ ተሻምተው በሉት።

ጋሽ ሸምሱ ትሪውን አየና "ቡላና እንቁላል? ዓሦቹ አራስ ናቸው እንዴ?" አለኝ።

ለሳምንታት ምንም ለውጥ አልነበረም። ወናጎ እየተመላለስኩ ምግቡን አደርሳለሁ፤ ትንሽ ትንሽ እንዲሰጡና የተረፈውን እንዲያወጡ አቶ ጅግሶን እጨቀጭቃለሁ። የፕላስቲክ ወንበሮቹ ሱቃችን ደጃፍ ላይ ተራግፈው ገንዳዎቹ የሚወጡበትን ቀን ይጠብቃሉ። እያየኋቸው እበሽቅ ነበር እንጂ ማንኪያውን አላስቀመጥኩም።

ረመዳን ሊገባ ሲል ጋሽ ሸምሱ ራሱ ሊያይ አብሮኝ ወናጎ ሄደ። ዓሦቹ ከጀርባቸው ጀምሮ ቀልተዋል። ልጮህ ምንም አልቀረኝም። አንዲቷ ብቻ ነጭ እንደሆነች ናት።

"ይቺስ?" አሉ አቶ ጅግሶ።

ጋሽ ሸምሱ በክርኑ ነካ አደረገኝና ምግቡን ከጨመሩላት ትቀላለች በያቸው ብሎ አንሾካሾከ። እንዲያ ብል ብዙ ምግብ ይሸጥ ነበር። እኔ ግን ያቺን ዓሣ የሸጥኩላቸው ራሴ ነኝ።

"አትቀላም" አልኳቸው። "ሲገዟትም ነጭ ነበረች። ምግብ የጠፋባትን ቀለም ይመልሳል እንጂ ያልነበራትን አይሰጣትም።"

የጋሽ ሸምሱ ፊት ጠቆረ። አቶ ጅግሶ ገንዳው ላይ አጎንብሰው ነጯን ዓሣ አዩ።

"ጥሬዋን የተለቀመች ቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ ብትከርምም አትቀላም" አሉ። "ገንዳው እዚሁ ይቆይ። ምግቡን ግን ይቺ ልጅ የሠራችውን ነው የምገዛው።"

ምግቡ ገዢ ስላገኘ ገንዳዎቹ ከሱቁ አልወጡም። ወንበሮቹም ገቡ፤ ደንበኛ እነሱ ላይ ተቀምጦ ዓሣ ያያል። ዛሬም ሥራው ላይ ነኝ፤ ለአዲስ ሠራተኛ መጀመሪያ የምነግረው አንድ ነገር ነው። ምግብ ከመምረጥሽ በፊት ዓሣዋ ስትገዛ ምን ቀለም እንደነበረች ጠይቂ።