ዳሱን «ክፍል» ያልሁበት ቅጽ

ርዕሰ መምህርት ሆኜ በተሾምሁ በመጀመሪያው ቀን ከዳባት ተነሥቼ ሁለት ሰዓት ሙሉ ዳገት ወጣሁ። ስደርስ ትምህርት ቤት የሚባል ነገር አይታየኝም። «ትምህርት ቤቱ ወዴት ነው?» ብዬ የወላጅ ኮሚቴውን ሰብሳቢ ቄሱን አባ ተስፋን ጠየቅኋቸው። አባ ሳቁብኝ። «ተደግፈሽው ቆመሻል እኮ፣ ልጄ!»

የተደገፍሁት የዳስ ምሰሶ ነበር። አራት ዳስ ነው ያለው። ምሰሶው ባሕር ዛፍ፣ ግድግዳው በጭራሮ መሐል የተጎሰጎሰ የገብስ ገለባ፣ ጣሪያው ሣር፣ መቀመጫው ድንጋይ። ጥቁር ሰሌዳው በገመድ ይንጠለጠላል፤ ነፋስ ሲመጣ ሁለት ተማሪዎች ግራና ቀኝ ይይዙታል። ቁልፍ ልረከብ ብል የሚቆለፍ በር የለም።

«ዳስ የሠርግና የተዝካር ነው፤ ድግሱ ሲያልቅ ይፈርሳል» አሉኝ አባ። «የእኛ ድግስ ግን ይኸው አላልቅ ብሏል።»

አንድ ሰኞ ስንመጣ የሦስተኛ ክፍል ግድግዳ የለም። የአቶ አዛናው ላም ቅዳሜና እሑድ ስትግጠው ሰንብታለች። አቶ አዛናው ሴት ልጃቸው ሦስተኛ ክፍል የምትማር ገበሬ ናቸው። «ላምዎ ክፍሌን በላችብኝ!» ብዬ ጮኽሁባቸው። «ታዲያ ፊደል ለየች?» አሉኝ። ተናድጄም ሳቄ አመለጠኝ። ከሰዓት በኋላ ገለባ ተሸክመው መጥተው ራሳቸው ጠገኑት።

ልጃቸው ይታይሽ ትባላለች። እሷን ያወቅኋት በድምፅዋ ነው። አራተኛ ክፍል ሒሳብ እያስተማርሁ «ሰባት ጊዜ ስምንት?» ስል ተማሪዎቼ ጣታቸውን ሲቆጥሩ፣ መልሱ ከገለባው ማዶ፣ ከሦስተኛ ክፍል መጣ። «ሃምሳ ስድስት!» የሦስተኛ ክፍል መምህር «የራስሽን ተማሪ!» ብሎ ሲቆጣት ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ ከባድ ጥያቄ ሲኖረኝ ድምፄን ከፍ አደርግ ነበር። ምን ላድርግ፣ ጆሮዬ ለምዷት ነበር።

በጥቅምት ከወረዳ ቅጽ መጣ። «የመማሪያ ክፍል ብዛት» የሚል መስመር አለበት። አዲስ ሹም ነኝ፤ «የለም» ብሎ መጻፍ አሳፈረኝ። አራት ዳስ አለኝ፣ አራት ክፍል ተማሪ አለኝ፤ ስለዚህ «አራት» ብዬ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ጻፍሁ። ማኅተም መታሁበት። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ያውም።

ታኅሣሥ ላይ ውርጩ በረታ። ይታይሽን ሳል ያዛት፤ አልለቅ አላት። አንድ ጠዋት አባቷ መጥተው እጇን ያዙ።

«መምህርት፣ ብርዱ ልጄን ሊገድልብኝ ነው። ግድግዳ ሲኖረው መልሼ አመጣታለሁ። መቼ ይሠራል?»

«ለመስከረም» አልሁ። ክፍል ለሌላቸው ትምህርት ቤቶች ግንባታ እንደሚደለደል ሰምቼ ነበር። ቃሌን ሰጠሁ።

በሚያዝያ ድልድሉ ሲወጣ የእኛ ስም የለበትም። ወረዳ ሄድሁና ድልድሉን የሠራውን ባለሙያ አፋጠጥሁት። ፋይሉን አውጥቶ የገዛ ጽሑፌን አሳየኝ።

«እህቴ፣ አራት ክፍል አላችሁ። ምንም የሌላቸው እያሉ ለእናንተ ልስጥ?»

«ዳስ ነው እኮ!»

«ታዲያ ዳስ ነው ብለሽ አትጽፊም? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ቀጣዩ ድልድል ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።»

የዳባትን ዳገት እያለቀስሁ ወጣሁት።

አቶ አዛናው ቤት ሄጄ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ጥፋቱ የእኔ መሆኑንም አልደበቅሁም። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «እንግዲህ ምን ይደረጋል» አሉ። «ዛሪማ አክስቷ ዘንድ ትውረድ። ቆላ ነው፣ ይሞቃታል።» ይታይሽ ወረደች። ሳሉም ለቀቃት አሉ። እዚያ ግን ትምህርቱን ያስቀጠላት አልነበረም፤ ኋላም እዚያው ተዳረች።

ከሁለት ዓመት በኋላ ቅጹ ሲመጣ «ክፍል፦ የለም። ዳስ፦ አራት» ብዬ ጻፍሁ። በዓመቱ ሕንፃው ተሠራ፤ የድንጋይ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የሚቆለፍ በር። አባ ተስፋ ጠበል ረጩ፤ ሰው ሁሉ እልል አለ። እኔ አራተኛ ክፍል ገብቼ «ሰባት ጊዜ ስምንት?» አልሁ። ከግድግዳው ማዶ ምንም አይሰማም።

ዛሬ ጡረታ ወጥቼ ደባርቅ ነው የምኖረው። ብርዱን እንኳ ማን ይመኘዋል? ያ አንድ ቦታ ቆሜ አራቱንም ክፍል የምሰማበት ዳስ ግን እንዴት ይናፍቀኛል! ከሁሉም በላይ የዚያች ልጅ ድምፅ።

ጡረታ ልወጣ በተቃረብሁበት መስከረም አንዲት ሴት ልጇን ልታስመዘግብ መጣች። መዝገቡ ላይ አቀርቅሬ «የልጅቷ ስም?» አልሁ። ቀና ስል መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳርፋ ቆማለች።

«ድንጋይ ነው» አለች። «ቲቸር፣ አላወቁኝም? ሃምሳ ስድስት!»

ተነሥቼ አቀፍኋት። «ይታይሽ፣ እኔ ነኝ ያስቀረሁሽ። ወረቀቱን አበላሽቼው ነው።»

«አውቃለሁ። አባቴ ነግሮኛል። አሁን ከዛሪማ ወደ እሱ ተመልሰናል።» ልጅቷን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋቻት። «እንግዲያውስ ይቺን አስተካክለው ይጻፉልኝ።»

ጻፍኋት። እያንዳንዱን ፊደል እየጠየቅኋት ስለጻፍሁ ጽሑፉ እንደ ያኔው ቅጽ አላማረም።

እናንተ አሁን ቅጽ የምትሞሉ ርዕሳነ መምህራን፣ ዳሱን ዳስ ብላችሁ ጻፉ።