ሰብሬ የከተትኩት የባሕር ሣር

ነገሩ የሆነው በ2009፣ በገና ጾም፣ በስደት በምንኖርበት ላንድማርክ ሰፈር የመጀመሪያው በረዶ በጣለበት ሰሞን ነው። ትናንት ኮሪያ ሱቅ ገብቼ የደረቀ የባሕር ሣር ሲሸተኝ የያኔዋ ጎረቤቴ ሃልሞኒ ፊቴ ላይ ድቅን አሉ።

ሃልሞኒ በኮሪያኛ አያት ማለት ነው፤ የምንኖርበት ሕንጻ ሰው ሁሉ እንደዚያ ይጠራቸው ነበር። የተወለዱት ከየብስ ከራቁ ሦስት ትንንሽ ደሴቶች በአንዱ ላይ ነው። ባሕሩ ሲሸሽ ሰዉ ከአንዱ ወደ ሌላው በእግሩ ይሻገራል፣ ሲመለስ ባለበት ይቀራል፤ ጉም ከወረደ ጀልባ የለም፣ ሐኪምም የለም። ሣሩ የሚበቅልበትን ቋጥኝ በዕጣ ይካፈሉታል፤ ሴቶቹም ወገባቸውን በገመድ ታስረው፣ አንዱ ማዕበል ሄዶ ሌላው እስኪመጣ ይነቅሉታል። ይህን ሁሉ በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ እጃቸውን እያወዛወዙ ነው የነገሩኝ።

የመጀመሪያ ልጄን ልወልድ ስቃረብ፣ ከደሴታቸው የተላከላቸውን፣ ቁመቱ እኔን የሚያህል የደረቀ ሣር እንደ ሕፃን አቅፈው አመጡልኝ።

«ስትወልጂ ከዚህ ሾርባ እሠራልሻለሁ፤ በአገራችን የአራስ ምግብ ነው» አሉኝ።

አመስግኜ ተቀበልኩ። የኩሽናው ካቢኔት አልበቃ ቢለኝ፣ እንደ ጭራሮ ሦስት ቦታ ሰብሬ ከተትኩት። ከሁለት ቀን በኋላ መጥተው አዩት።

«ማነው የሰበረው?»

«እኔ ነኝ ሃልሞኒ። አልገባ ብሎኝ።»

ወንበር ስበው ተቀመጡ። «የወላድ ሣር አይሰበርም። የእህቴን ሰበሩት። ሦስት ቀን ጉም ሆነ፤ ጀልባው ሳይመጣ ሞተች።»

ሆዴን ያዝኩ። «አይዞዎት፣ እኛ ማርያም አለችን።»

«እሷስ በጀልባ ነው የምትመጣው?»

«ያለ ጀልባ ነው።»

«እንግዲያው ቶሎ ትምጣ» አሉ፤ አልሳቁም።

አመሻሽ ላይ ምጥ ያዘኝ። ባለቤቴ የሚሠራበትን ታክሲ ሲያስነሳ ሃልሞኒ ማንም ሳይጠራቸው ካፖርታቸውን ደርበው ከኋላ አጠገቤ ገቡ። መንገዱ በረዶ ነበር። ባለቤቴ «ማርያም፣ ማርያም» ሲል እሳቸውም እጄን ጨብጠው «ማርያም፣ ማርያም» ይሉ ነበር። ሴት ልጅ በሰላም ተገላገልኩ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ሃልሞኒ ካረፉ ቆዩ። ልጄ የባሕር ሣር ሽታ አትወድም። እኔም የደሴቶቹን ስም ሳልጠይቃቸው ቀረሁ፤ አሁን የሚነግረኝ የለም።

ያኔ በወለድኩ ማግስት ጠዋት ሃልሞኒ ሾርባውን በፔርሙዝ ይዘው ሆስፒታል መጡ። አራስ ባትጾምም ጾማችንን ያውቃሉና ሥጋ አልጨመሩበትም። አማተብኩና፣ እሳቸው እያዩኝ፣ ሣሩ ዳግመኛ እንዳይሰበር፣ በጥርሴ ሳልቆርጠው እየዋጥኩ ጨረስኩት።