የሐሙስ ጠዋቱ ፈተና

ፖሊሶች የያዙኝ ከሮቢት ወደ ቆቦ በምትሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ሳጠና ነው። የድርሰት ኮርስ የመጨረሻ ፈተናችን ሐሙስ ጠዋት ነበር። በዚያው ሳምንት በተደረገ ስብሰባ ላይ እኔና ሁለት ጓደኞቼ መድረኩ ያልወደደውን ጥያቄ ጠይቀን ነበር። አንዱ ፖሊስ ደብተሬን ተቀብሎ አገላበጠው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አመዛዛኝ ድርሰት።»

«የምን ማመዛዘን?» አለና ይዞት ቀረ።

ያስገቡኝ ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። የራያ ቆላ ፀሐይ ቆርቆሮ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከረፋድ ጀምሮ ሸሚዛችንን አውልቀን ሲሚንቶው ላይ እንለጠፋለን። ክፍሉ ላብና የማሽላ ቂጣ ይሸታል። አጠገቤ የሚተኙት በግጦሽ ጠብ የታሰሩ፣ ጢማቸውን በሂና ያቀለሙ የዋጃ ባለግመል ሽማግሌ ነበሩ። አባባ እላቸዋለሁ።

ረቡዕ ከሰዓት መርማሪው አስጠራኝ። የአገር ልጅ ነው፤ በስሙ የማያውቀው ሰው የለም። በእኔ ስም የተጻፈ ቃል ፊቴ አስቀመጠ። ያሳመጹኝ ሁለቱ ጓደኞቼ ናቸው ይላል።

«ፈርምና ነገ ፈተናህን ትቀመጣለህ። ካልሆነ ዓመትህ ተቃጠለ። እስከ ጠዋት አስብበት።»

ዓመቱ ያንገበግበኝ ነበር። በዚያ ኮርስ ከክፍሉ አንደኛ እንደምወጣ አልጠራጠርም። ግን ወረቀቱን ሳነበው ከሁሉ በፊት የታየኝ የአጻጻፉ ነገር ነው፤ ምክንያት የለው፣ ማስረጃ የለው። እንኳን ጓደኞቼን ላስበላበት፣ የእኔ ነው ለማለትም ያሳፍራል። ሌሊቱን ደህና ተኛሁ።

ጠዋት ለአባባ ነገርኳቸው።

«አብሽር ልጄ፣ እኛ እንፈትንሃለን» አሉ። ከታሳሪው ጋር ተማክረው ጥያቄ አወጡልኝ፤ ግመልና በሬ፣ የቱ ይበልጣል?

የክፍል ጓደኞቼ ኮሌጅ ውስጥ የፈተና ወረቀት በሚቀበሉበት ሰዓት ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። መግቢያ አበጀሁ። የግመሉን ወገን ክርክር ባለግመሎቹ ራሳቸው ከሚሉት አሳምሬ አቀረብኩ፤ አባባ በደስታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ለበሬው ፈረድኩና ልቀመጥ ስል አባባ ክንዴን ያዙኝ።

«ሳትመርቅ? እኔ ተረትቼ፣ ሳልመረቅም ልነሳ?»

እኛ አገር የተሰበሰበ ሰው ሳይመራረቅ አይበተንም፤ ኮርሱ ላይ ግን ይህ አልነበረም። ሳቅሁና መረቅሁ። «ግመልዎ ይርባ፣ ግጦሹ ይልምልም፣ በሰላም ይግቡበት።» ክፍሉ በሙሉ «አሚን» አለ።

ወዲያው መርማሪው ዘንድ ተጠራሁ።

«አሰብክበት?»

«አልፈርምም። እኔ ያልጻፍኩት ነው።»

«ዓመትህስ?»

«ለከርሞ እፈተናለሁ።»

ያቀበለኝን ብዕር መለስኩለት። ምርቃቱ ገና ከአፌ አልጠፋም ነበር መሰለኝ፣ ስነሳ እንዲህ አልኩት፦ «ሰዓታቸው ሳያልፍ የሚፈተኑ ልጆች ይስጥዎ።»

«አሜን» አለ።

ሳያስበው ነው ያመለጠው። መርማሪ ቢሆንም የራያ ልጅ ነው፤ ምርቃት ሰምቶ ዝም ማለት አልለመደበትም። ጆሮው ቀላ። ወረቀቱን ትንሽ ሲያስተካክል ቆየና ጠባቂውን ጠርቶ «መልሰው» አለው። ተመለስኩ፤ ፈተናውም አለፈኝ።

ከተፈታሁ በኋላ፣ በተከታዩ ዓመት ተፈተንኩ፤ እንዳልኩትም አንደኛ ወጣሁ። ዛሬ ያንኑ ኮርስ የማስተምረው እኔ ነኝ። የፈተና ወረቀት ከማደሌ በፊት እመርቃለሁ፣ ተማሪዎቹም እየሳቁ ግማሹ አሜን፣ ግማሹ አሚን ይላል።

አምና ከተማሪዎቼ አንዷ የዚያ መርማሪ ልጅ ነበረች። የአባቷን ስም ካወቅሁ ጀምሮ ስለ እሱ ጠይቄያት አላውቅም። በፈተናው ዕለት ወረቀት አድዬ በሩን ስዘጋ ከውጭ ተንኳኳ። ገርበብ አድርጌ አየሁ፤ እሷ ናት። ባጃጇ መንገድ ላይ ቆማባት በእግሯ ሮጣ ነው የመጣችው፤ ላቧ ይንጠባጠባል። በደንቡ መሠረት የዘገየ አይገባም።

«መምህር፣ አለፈኝ?» አለችኝ።

በሩን ከፈትኩላት።

«ሰዓትሽ አላለፈም፣ ግቢ።»