ላፍቲ ባሪኤ

ሊይዙኝ የመጡት በጥር ወር፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ልምምድ ላይ ሳለን ነው። ሁለት ፖሊሶች የጫማቸውን አቧራ እንኳ ሳይጠርጉ የሆቴሉ አዳራሽ ውስጥ ገቡ። አኮርዲዮን ተጫዋቹ ደንግጦ እጁን ሲለቅ መሣሪያው እያላዘነ ተዘረጋ። እኔ የመድረክ ቀሚሴን ለብሼ ነበር፤ ክንድ የሌለው አረንጓዴ ሐር። ካፖርት ልደርብ ብል ከለከሉኝ። የአሰላን የጥር ብርድ የሚያውቅ ሰው ይህን ይረዳኛል።

ያስገቡኝ ድሮ የእህል መጋዘን የነበረች ክፍል ውስጥ ነው። የገብስ ገለባ አቧራ ገና ከግድግዳው አልወጣም፤ ስተነፍስ ጉሮሮዬን ይበላኝ ነበር። በጠብ የተያዘች አንዲት የሳጉሬ አረቄ ሻጭ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ቀሚሴን በሁለት ጣቷ ዳሰሰችና፣ “እንዲህ ተለብሶም ይታሰራል እንዴ?” አለችኝ።

የሙዚቃ ባንዳችን አምስት ሰው ነበር። ከጦርነቱ በኋላ እዚያው የቀረ ጣልያን የከፈተው ሆቴል ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ለስለስ ያለ ጃዝ እንጫወታለን። ሹማምንቱና የእህል ነጋዴዎቹ ፊት ቆሜ ከሸክላ እየሰማሁ ያጠናሁትን እንግሊዝኛ እዘፍናለሁ። ከምዘፍነው ቃል የማላውቀው ይበዛ ነበር፤ ስለሱ ግን አንድም ሰው ጠይቆኝ አያውቅም።

ጣጣው የመጣው ከማውቀው ቃል ነው። ሳክስፎን ተጫዋቻችን የደረሰው አንድ ዜማ ነበር። ባሏን ስትጠብቅ ሌሊቱ የሚያልፍባት ሴት ዘፈን ነው። መጨረሻው ላይ ባዶ ቦታ ሲቀር “ላፍቲ ባሪኤ” ብዬ ሞላሁት። በቤታችን ቋንቋ፣ በኦሮምኛ፣ ነጋ ማለት ነው። እናቴም ጎረቤታችንም በየቀኑ የሚሉት ነው።

በማግስቱ መርማሪው መቶ አለቃ ፊት አቀረቡኝ። ከታኅሣሡ የመፈንቅለ መንግሥት ግርግር በኋላ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ከኦሮምኛ አንዲት ቃል የማያውቅ ሰው ነበር። አጠገቡ አስተርጓሚው ተቀምጧል። የአባቴ ወዳጅ ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ጋሼ እለዋለሁ። የዘፈኔን መጨረሻ ቃል በቃል ተርጉሞ ጽፏል፤ ላፍቲ ማለት መሬት፣ ባሪኤ ማለት ነጋ።

“መሬት ነጋ!” አለ መቶ አለቃው። “ለማን ነው የነጋው? ለጭሰኛው?”

“ጌታዬ፣ ነጋ ለማለት ነው። ኦሮምኛው መሬቱን ካልጨመረ አይነጋለትም። ጋሼ፣ ይንገሯቸው እንጂ!”

ጋሼ ወለሉን እያየ፣ “ቃሉ እንደተጻፈው ነው” አለ።

መቶ አለቃው አንድ ወረቀት ገፋልኝ። “ሴት ይህን አታስብም። ሳክስፎን ተጫዋቹ ከወታደር ቤት የወጣ ነው፤ እሱ ነው ያስገባው። እሱ ነው ብለሽ ፈርሚና ቤትሽ ግቢ።”

“ያስገባሁት እኔ ነኝ።”

“ውሸታም!”

ከሁሉ ይልቅ ያበገነኝ ይህ ነው። እስሩ የኔ፣ ግጥሙ የሱ ሆነ። ብፈርም ያን ሰው ወደ ጦር ፍርድ ቤት ይወስዱታል፤ በዚያ ሰሞን ደግሞ ከዚያ ማን እንደሚመለስ አይታወቅም ነበር።

ስድስት ቀን እየጠሩ ወረቀቱን አሳዩኝ፤ ስድስት ቀን አልፈረምኩም። አረቄ ሻጯ የጋቢዋን ግማሽ ለቀቀችልኝና፣ “ፈርሚና ውጪ አንቺ ልጅ! ባልሽ ነው?” አለችኝ።

“ምኔም አይደለም።” እንዲያውም አልወደውም ነበር። እኔ ድምፄን ከፍ ሳደርግ እሱ በጡሩምባው ላዬ ላይ ይወጣብኛል፤ ስንጨቃጨቅ ነው የኖርነው።

በሰባተኛው ቀን ማለዳ መቶ አለቃው ወረቀቱን ይዞ እኛው ክፍል ድረስ መጣ። አስተርጓሚው ከፊት ከፊት እየሄደ ነበር። የቆርቆሮውን በር በመዳፉ ደበደበና ሰው ሲቀሰቅስ እንደ ልማዱ ጮኸ፤ “ካኣ! ላፍቲ ባሪኤ!”

መቶ አለቃው ባለበት ቆመ። ያን ቃል ሳምንቱን ሙሉ ሲያነበው ከርሟል። “ምን አልክ?” አለው። መልሱንም ሳይጠብቅ ወደ እኔ ዞረ፤ “አንቺ ተርጉሚ! ቃል በቃል!”

ቃል በቃል ቢሆን፣ “ተነሡ! መሬት ነጋ!” ነበር። ከኔ ዘፈን የባሰ ነው። ለእስረኛ የተጮኸ ነው፤ ያውም ግርግሩ ወር ከምናምን ሳይሞላው። አስተርጓሚውን አየሁት። አልዋሽም፣ እንደሱ ቃል በቃል ልተረጉምበት አማረኝ። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

“ከእንቅልፋችሁ ተነሡ፣ ነግቷል ነው ያሉት” አልኩ። “ሌላ ትርጉም የለውም።”

መቶ አለቃው እኔንም እሱንም ወረቀቱንም አየ። ከዚያ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ሄደ። አስተርጓሚው ወደ ኋላ ቀረት ብሎ፣ “ልጄ…” ብሎ ጀመረ።

“እንዲህ ነው የሚተረጎመው” አልኩትና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ከዚያ ወዲያ ጋሼ ብዬው አላውቅም።

ወረቀቱን ዳግመኛ አላየሁትም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለቀቁኝ። ሳክስፎን ተጫዋቹን ማንም አልነካውም፤ አመሰግናለሁም አላለኝ፣ ነገሩን አላወቀማ። አዳራሹ ግን በትእዛዝ ተዘጋ፤ ባንዳችንም በዚያው ተበተነ። አስተርጓሚው ገበያ ላይ ሲያገኘኝ ባርኔጣውን ያነሳልኝ ነበር፤ እኔ መንገዴን እቀጥል ነበር።

አሁን አርጅቻለሁ። ጠዋት መስኮቴን ስከፍት ያችን ቃል ሁለት ጊዜ እሰማታለሁ፤ አንዴ በኔ ድምፅ፣ ከሳክስፎኑ በኋላ፣ አንዴ ደግሞ በአስተርጓሚው ድምፅ፣ ከቆርቆሮው በር ውጪ። የሱ ድምፅ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። እንዲህም ሆኖ ዛሬም ተርጉሚ ቢሉኝ ነግቷል ነው የምለው።