ቀዩ የከፋይ ጣሪያ

ማስቲሽ በሸተተበት ቤት ዛሬም ረግቼ መቀመጥ አልችልም። ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ የተቀደደ ጫማውን ሲያጣብቅ ሽታው በመስኮት ገባ፤ የያዝኩትን ጥዬ ወጣሁ። ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። መተማ ዮሐንስ ላይ ከታላቅ ወንድሜ ጋር የመኪና ልብስ እንሠራ ነበር፤ ስፌቱ የእኔ፣ ማጣበቁ የእሱ። በራችን ላይ ከተወጠረው ሸራ ሥር እንኳ ሙቀቱ መርፌውን ያግለው ነበር።

አንድ ሽማግሌ፣ የሰሊጥ ገበሬ፣ አሮጌ መኪናቸውን አመጡ። ሴት ልጃቸውን ወደ ሽንፋ ሊድሩ ነው። «ወንበሩን ነጭ ስካይ፣ ጣሪያውን ቀይ ከፋይ አልብሱልኝ» አሉ። ወንበሩን አሳምሬ ሰፋሁት። ጣሪያው ላይ ስንደርስ ግን ማስቲሹ አለቀብን። ወንድሜ የቀረችውን በቤንዚን አቀጠናት፤ የበሰበሰውን የድሮ ስፖንጅ እንኳ ሳይፍቅ ጨርቁን ለጠፈበት።

«ወንድምዓለም፣ ይሄ እኮ አይዝም» አልኩት።

«ሰርጉ ነገ ነው። ዝም በይ!»

ሽማግሌው ሲመጡ ከፋዩን በሻካራ መዳፋቸው ደባበሱት። ከዚያ ወንድሜን ትተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ የኛን አገር ሙቀት ይችለዋል?»

ወንድሜን አየሁት። አቀረቀረ።

«ይችላል አባ» አልኳቸው።

«እጅሽ ይባረክ።»

በማግስቱ ቀትር ላይ፣ መኪናው ሙሽራዋን ይዞ ሲሄድ፣ የጣሪያው ጨርቅ ተላቆ ሹፌሩ ፊት ላይ ወደቀ። መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ተገለበጠ። ሙሽራዋ አልተረፈችም።

ሹፌሩ የሰፈራችን ልጅ ነበር። «ጨርቁ ዓይኔን ሸፈነኝ» እያለ ቢምል ማን ይመነው? የተገለበጠ መኪና የጣሪያው ጨርቅ መርገፉ አይቀርም። ፖሊስ ሊጠይቀን ሲመጣ ሽማግሌው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አብረው መጡ።

«ጨርቁማ ሙቀቱን ይችላል ብላኛለች» አሉ ወደ እኔ እያመለከቱ። «ይች ልጅ አትዋሽም። ሹፌሩ ነው መኪናውን ያበረረው።»

አፌን ከፈትኩ። ወንድሜ ከኋላዬ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ። ፖሊሱ ትንሽ ጠበቀኝ፤ ከዚያ ወረቀቱን አጥፎ ሄደ።

ሹፌሩ ታሰረ። ሲፈታ በገላባት በኩል ሱዳን ገባ፤ ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። ወንድሜ አሁንም ጥፋቱን በሙቀቱ ያመካኛል። እኔ ስፌቱን ተውኩት፤ ብተወውስ ለማን ይጠቅማል?

የሹፌሩ እናት ገበያ ላይ ባገኙኝ ቁጥር አቅፈው ይስሙኛል።

«እግዜር ይስጥሽ» ይሉኛል፣ «ልጄ ሲታሰር ምግብ ያመላለስሽለት አንቺ ብቻ ነበርሽ።»